«ሙቀቱ ደረሳችሁ?»

ጋሼ አጎቴ ነበሩ። አቃቂ በሚገኘው የልብስ ስፌት ፋብሪካችን ጣሪያ ላይ ያሉትን የአየር ማሽኖች የሚጠግኑትም እርሳቸው ነበሩ። ማሽኑ ውስጥ አንድ ትልቅ መንኮራኩር ቀስ እያለ ይዞራል፤ ከሚወጣው አየር ሙቀቱን ተቀብሎ ለሚገባው ቀዝቃዛ አየር ይሰጣል። ጋሼ የመንኮራኩሩን ብናኝ ጠርገው፣ የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አጥብቀው ሲጨርሱ ሥራው አለቀ አይሉም። ወርደው እኛ ሰፊዎቹ መሀል ይቆሙና እጃቸውን ወደ አየር ማስገቢያው ዘርግተው «ሙቀቱ ደረሳችሁ?» ይላሉ። አንዳችን እንኳ «አልደረሰኝም» ካልን ተመልሰው ጣሪያ ይወጣሉ።

ጋሼ ሲሞቱ፣ ለቅሶው ላይ የፋብሪካው ኃላፊ ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ «አባታችን ነበሩ፤ ሥራቸው አይረሳም» አለ። እኔም አመንኩት።

ብዙም ሳይቆይ ቺንጋው ተበጠሰ፤ መንኮራኩሩም ቆመ። በግምገማው ስብሰባ ላይ ሳነሳው ኃላፊው «አየሩ እየገባ አይደል እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ ይገባል። የኅዳርን ብርድ እንዳለ ይዞ ይገባል። ጠዋት ጠዋት ጣታችን ደንዝዞ ጨርቁን መያዝ ያቅተናል።

የጋሼ አርባ ሲወጣ፣ በቺንጋው ፈንታ በመስታወት የተለበጠ ፎቷቸው መጣ። ኃላፊው ራሱ መሰላል አስመጥቶ አየር ማስገቢያው አጠገብ ሰቀለው። ተጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ፎቶ ለመስቀል የተገኘው መሰላል ጣሪያ ለመውጣት ለምን ጠፋ?

ቀዝቃዛው ነፋስ ፎቶውን ከግድግዳው ጋር ሲያጋጨው ይውላል። ድምፁን ሰምቼ ቀና ባልኩ ቁጥር የሚጠይቁኝ ይመስለኛል።

አልደረሰንም፣ ጋሼ።