ያልተጠየቀችው ሴት

ባለፈው ሳምንት ለጉርድ ፎቶ ፒያሳ አንድ ሱቅ ብገባ የጋለ ላስቲክ ሸተተኝ። መታወቂያ ሲለበጥ የሚሸት ነው፤ ሌላው ሰው ልብም አይለው። እኔን ግን አያ ታከለ ሱቅ ወስዶ ጣለኝ። ወድጄ አልሄድኩም።

አያ ታከለ ጎንደር አራዳ፣ ከቤታችን ሁለት በር አለፍ ብሎ ፎቶ ቤት ነበራቸው። የጃናሞራ ሰው ስለነበሩ ሰፈሩ ሁሉ እንዳገራቸው “አያ” ይላቸዋል። ካሜራ ያስያዙኝ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አንድ ወር ሙሉ፣ በየቀኑ፣ የፊት ለፊቱን ሰዓት ሠሪ እጅ ብቻ አስነሱኝ። ሰለቸኝ ስላቸው፣ “ገና መቼ አየሽውና ይሰለችሻል?” ይሉኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ካነሳሁት አንዱን አትመው የሱቁ መስኮት ላይ ይለጥፉና እኔን በሩ ላይ ያቆሙኛል። ገበያተኛው “ጨልሟል”፣ “ጣቱን ቆርጣዋለች” እያለ ያልፋል። መልስ መስጠት ክልክል ነበር። አልቅሼም ቢሆን ሰማሁ፣ እየሰማሁም አሻሻልኩ። ታዲያ ባለቤቱ ያልፈቀደው ፎቶ መስኮቱ ላይ አይወጣም። ሰዓት ሠሪው እንኳ፣ ለገዛ እጁ፣ በየሳምንቱ ይጠየቅ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የታናሽ እህታቸው ባል እዚያው አገራቸው፣ መካነ ብርሃን ላይ ሞተ። ጎረቤት ነንና እኔና እናቴም ለልቅሶ አብረናቸው ሄድን። እህትየዋ ነጠላዋ ከራሷ ወድቆ ደረቷን ስትደቃ የፀሐዩ ብርሃን በጎን መታት። ስልኬ እጄ ላይ ነበር፤ አነሳኋት። ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ነገር ሁሉ እዚያ ፎቶ ላይ ተገኘ። ስናገረው አሁንም አፍራለሁ፣ ግን ጥሩ ፎቶ ነበር።

ጎንደር ስመለስ ቅዳሜን አልጠበቅሁም፤ ማንንም ሳልጠይቅ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ስንቱ ወደደው፣ ስንቱ ተቀባበለው! በማግሥቱ የሴትዮዋ ልጅ አየው። እኔ ባጠፋው ሌላው ይዞት ዞሯል። አያ ታከለ “ልጅ ናት፣ አላወቀችም” ሊሉ ሽማግሌ ይዘው ወጡ። እህታቸው ግን ያነሷት እሳቸው ስለመሰሏት ሳትሰማቸው ከደጅ መለሰቻቸው።

“ምነው አያ፣ ባሌን ቀብሬ ሳልጨርስ ገበያ ታወጣኝ? በል ተመለስ።”

ከዚያ ወዲህ ያ በር አልተከፈተላቸውም። ለተዝካሩም፣ ለእህታቸው ልጅ ሠርግም የጠራቸው የለም። እኔን አንድ ቀን አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ። “ሂጂ፣ ሰዓት ሠሪውን አስፈቅጂና አንሺ” ብቻ አሉኝ።

አምና አረፉ። እህታቸው “ሳልታረቀው” እያለች ከመካነ ብርሃን ደረሰች፤ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ አስቀመጧት። ዛሬ የምተዳደረው ሠርግ እያነሳሁ ነው፤ እንጀራዬ የእሳቸው ነው። ቢያንስ ለእሷ እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

“አንቺስ ልጄ፣ ምኑ ነሽ?”

“ጎረቤት ነኝ” አልኳት።

“ሸጋ ጎረቤት ነበረው ለካ” አለችና እጄን ያዘች። እስኪመሽ እጄን ይዛ አለቀሰች። እኔም አልነገርኳትም።