የጎረቤት አልጋ

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ዘንቢል መሸከም ነው። ቅዳሜ ጠዋት አትክልት ተራ ወርደን ድንች፣ ጥቅል ጎመንና ጥቂት ሎሚ ገዛን። የዘንቢሉን አንዱን ጆሮ እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን ወደ ጊዮርጊስ የሚያወጣውን ዳገት ተያያዝነው። መንገድ ላይ ቆም እያለ እጁን ቀያየረ።

«ይህን ሁሉ ድንች ማን ሊበላው ነው?» አለኝ።

«አንተ ነሃ።»

«እኔ ጆንያ ነኝ እንዴ?»

ሰኞ ሆስፒታል ገብቶ ሆዱን ኦፕራሲዮን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ያወራነው ግን ስለ ድንች ብቻ ነው።

ባለቤቴ በዚያው ሆስፒታል ማደንዘዣ ሰጪ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሥራውን በአንድ ቃል ጨርሶት ነበር፤ «አስተኚው» ይሉታል። እሑድ ቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ካንቀላፋ ሁሉም ወደ እሱ ይዞራል። «ጓድ አስተኚ፣ ዛሬም በሥራ ላይ ነህ?» ይሉታል። «የዛሬውን እንኳ ተናጋሪው ነው የሰጠው» ብሎ በሹክሹክታ መልሶ፣ አጠገቡ የተቀመጡት ሳቃቸውን ለመደበቅ ሲስሉ አስታውሳለሁ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ቀልድ ለቅርብ ጆሮ ብቻ ነበር።

ለእሱ ግን ማስተኛቱ ቀላሉ ሥራ ነበር። «ችግሩ ሲነቁ ነው» ይላል። ሐኪሞቹ በበሽተኛው ካርድ ላይ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ሲያዙ «እንደ አስፈላጊነቱ» ብለው ይጽፉ ነበር። ማስፈለጉን የሚናገረው በሽተኛው ነው፤ በሽተኛው ካልጠየቀ ነርሷ አትሰጥም። በሽተኞቹ ደግሞ አይጠይቁም። መርፌው በሰዓቱ ሳይጠየቅ እንዲሰጥ ለማድረግ ሕመሙ መኖሩን ማሳየት አለብኝ ብሎ አሰበና ጥናት ለማድረግ አስፈቀደ። ኦፕራሲዮን የሆኑትን ሰዎች በማግስቱ እየዞረ ሕመማቸውን ሊጠይቅ ነው።

ዞረ፤ ጠየቀ። ከጥቂት ሰዎች በቀር ሁሉም አንድ ነገር መለሱለት፤ «ተመስገን።»

የደረሰበትን ለሆስፒታሉ ኮሚቴ አቀረበ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ሰምተው ደስ አላቸው። ሕዝባችን ጽኑ መሆኑን ጥናቱ አረጋገጠ፤ ፔቲዲን የሚባለው መርፌ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛና በግንባር የሚፈለግ ስለሆነ፣ ለሚቀጥለው ዓመት የምንጠይቀውን መጠን መቀነስ እንችላለን አሉ። መርፌ ሊያመጣ የጀመረው ጥናት ያለውንም ሊያስወስድ ሆነ። የዚያን ቀን እቤት ገብቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ነገሩን ከነገረኝ በኋላ የጠየቅሁት የሰዋስው ጥያቄ ነበር።

«ምን ብለህ ነው የምትጠይቃቸው?»

«‹ያምዎታል ወይ?› ነዋ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊትማ ‹እንዴት አደሩ?› እላለሁ። ሰው ላይ ዘው ይባላል እንዴ?»

«እንዴት አደሩ ካልካቸው በኋላ ምን ይበሉህ? ሁለተኛውም ሰላምታ መስሏቸዋል።»

በማግስቱ ሰላምታውን ትቶ ጀመረ። የመጀመሪያዋ በሽተኛ ከእንጦጦ ግድም የመጡ እናት ነበሩ፤ ተቆጡ። «ምነው ልጄ፣ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ነፈግኸኝ? ምን በደልኩህ?» ይቅርታ ጠየቀ፤ እንዴት እንዳደሩም ጠየቀ። ከዚያ ሕመሙን ሲጠይቃቸው «ተመስገን፤ ከማን አንሼ?» አሉት።

ነገሩን የፈታው አንድ የፒያሳ ልብስ ሰፊ ነው። ሆዱን ተቀዶ ተሰፍቶ ተኝቷል። ባለቤቴ ቀርቦ «ያምሃል?» አለው።

«ዶክተር» አለ ልብስ ሰፊው። ዶክተር እንዳልሆነ ቢነግራቸውም ሁሉም ዶክተር ይሉት ነበር። «ዶክተር፣ እኔ ስንት ጨርቅ ቀድጄ ሰፍቻለሁ። አንድ ቀን አመመህ ወይ ብዬ ጠይቄው አላውቅም።»

ክፍሉ ሳቀ። የተቀደደ ሆድ ያለው ሰው ሲስቅ ምን እንደሚሆን ባለቤቴ ያውቃል፤ ሁሉም ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቀው። ከዚያ ልብስ ሰፊው ድምፁን ዝቅ አደረገና በአገጩ ወደ ቀጣዩ አልጋ አመለከተ።

«እኔስ ግድ የለም። እኚህን አባት ግን እያቸው። ትራሳቸውን ሲነክሱ ነው ያደሩት።»

ባለቤቴ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ይልቅ ይህን አፈኛ ልጅ እርዳው። ሕመሙ ሲብስበት ነው ቀልድ የሚያበዛ።»

ያን ቀን እቤት የገባው ከወትሮው ቀድሞ ነው። ቆሞ ነበር የሚያወራው። «ለራሳቸው አይናገሩም፤ አንዱ ለሌላው ግን ይመሰክራል!» አለኝ። ለእኔ የሚገርም አልነበረም። እናቴም ለራሷ ጨው አትጠይቅም፤ ለጎረቤት ግን የሰፈሩን በር ሁሉ ታንኳኳለች። ስለ ራስ ሲሉት ማማረር የሆነው ነገር ስለ ሌላ ሲሉት ጽድቅ ነው። ተቀምጠን ለአዲሱ ጥያቄ አብረን ቃላት መረጥን፤ «አጠገብዎ ያለው ሰው ሌሊቱን እንዴት አሳለፈ?» «ሕመም» የሚለው ቃል እንዳይገባ ያልኩት እኔ ነኝ።

ሰዎቹ ተናገሩ። ማን እንዳልተኛ፣ ማን ሳል በመጣበት ቁጥር ዕንባው እንደሚወርድ፣ ማን መዞር ፈርቶ በአንድ ጎኑ እንደ ግንድ ተጋድሞ እንደዋለ ነገሩት። ጎረቤቷን አላውቃትም ያለች አንዲት ሴት እንኳ፣ «ልጇን ለማጥባት ስትሞክር አይቼ ፊቴን አዞርኩ» አለችው።

ይህን ይዞ እንደገና ኮሚቴው ፊት ቀረበ። አንዱ አባል እጁን አወጣና «ጓድ፣ ይሄ ጥናት ነው ወይስ ሐሜት?» አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ ባለቤቴም አብሮ ሳቀ። እቤት መጥቶ ሲነግረኝ ግን አልሳቀም። «ምስክር እንጂ ሐሜተኛ አልጠየቅሁም» አለ። የሆነ ሆኖ የመርፌው መጠን ሳይቀነስ ቀረ። ኦፕራሲዮን የሆኑት በሚተኙበት ክፍልም፣ መድኃኒቱ እስካለ ድረስ፣ መርፌው በሰዓቱ እንዲሰጥ ታዘዘ።

እሱ ራሱ ኦፕራሲዮን የሆነው ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሐኪሞቹ ሆዱን ከፍተው አይተው መልሰው ዘጉት። ለእኔ ኮሪደር ላይ ነገሩኝ። ለእሱ የነገረው ሰው የለም፤ ግን ሲነቃ መስኮቱን አየ፤ ብርሃኑ ገና የጠዋት ነበር። ኦፕራሲዮኑ ማጠሩ ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ባልደረባቸው ነውና አክብረው በኮሪደሩ ጫፍ ለብቻው ክፍል ሰጡት። በክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ ብቻ ነበረ። እኔ ወንበር ላይ ነበርኩ።

በዚያ ሰሞን መድኃኒቱ ተመናምኖ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ወደ «እንደ አስፈላጊነቱ» ተመልሷል። ትልቁ ክፍል ከግንባር በመጡ ቁስለኛ ልጆች ተሞልቷል። ከእሱ ጋር ለዓመታት የሠራች ነርስ ገባች።

«ጋሼ፣ ያምዎታል?»

«ተመስገን።»

«ይቺን መልስ እንኳ አብረን ነው ያጠናናት።»

«እውነቴን ነው። ለልጆቹ ስጪያቸው።»

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ» አለች፣ «አጠገብዎ ያለው ሰው ሌሊቱን እንዴት አሳለፈ?»

እሱ ከብርድ ልብሱ ሥር እጄን ጨበጠኝ። ዝም በዪ ማለቱ ነው። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ማሸለብ ሲጀምር በትግርኛ «ኣደየ» እያለ እናቱን ይጠራ ነበር። በዚያ ዘመን መንገድ ላይ ትግርኛ አይናገርም፤ ከእኔም ጋር የምናወራው በአማርኛ ነው። እናቱ ከሞቱ ወዲህ ያን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«አልተኛም» አልኳት። «ሲያሸልበው እናቱን ይጠራል።»

እጄን ለቀቀው። «ጎረቤት ክፉ ነው» አለ ጣሪያውን እያየ።

መርፌው መጣ። ተኛ፤ ግንባሩም ተፈታ። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው «ከማን ተወስዶ ነው?» ብሎ ነው። ነርሷ «ከቁም ሣጥኑ ነው፣ ጋሼ» አለችው። ወደ ግድግዳው ዞረ።

በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ በየቀኑ ያየሁትን እነግራታለሁ። እሱ የሚፈልገው ዝም እንድል ነበር፤ አላልሁለትም። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እመልሳለሁ። የመድኃኒቱ ድርሻ የማን እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅም።

አንድ ቀን ነርሷ ገብታ ትራሱን አስተካከለች፤ አንሶላውን ሳበች፤ ምንም ሳትጠይቀኝ ወጣች። መድኃኒቱ ማለቁ ያን ጊዜ ገባኝ። በቸርችል ጎዳና እስከ ታች ድረስ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች አንድ በአንድ ጠየቅሁ። «እሱማ ከመንግሥት መጋዘን ብቻ ነው» አሉኝ። ስመለስ የት ነበርሽ አላለኝም። «ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ። የመጨረሻዎቹን ቀናት ያለ መርፌ አሳለፋቸው፤ እንዴት እንዳሳለፋቸው አይቻለሁ፤ ጠያቂ ግን አልነበረም።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ርእሰ መምህሯን ከሰዓት በኋላ ባለው ፈረቃ እንድታደርገኝ ጠየቅኋት፤ ፈቀደችልኝ። ሌሊት እንቅልፍ ስለሌለኝ ጠዋት ጠዋት እተኛለሁ። ከምሳ በኋላ አስተምራለሁ።