ከዊንቹ ላይ የፈታሁት ጀንዲ

ባለፈው ሳምንት የአቶ ደሴ ሠልስት ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዱ ተነሥቶ «ለሠራተኞቻቸው አባት ነበሩ» አለ። ድንኳኑ ሙሉ «እውነት ነው!» ሲል እኔ አንገቴን ደፍቼ ንፍሮዬን ቃምሁ። ዛሬ አንቱ የምላቸውም ስለሞቱ ብዬ ነው።

በወጣትነቴ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ሞተር የሌለው አውሮፕላን ማብረር የሚማሩ ልጆች ነበሩ። የምናስነሣላቸው እኔና ባልደረባዬ የሺ ነበርን፣ በተራ። ዊንቹ፣ ገመድ መጠቅለያው ማሽን፣ ከሜዳው ጫፍ ቆሞ ረጅሙን የብረት ገመድ ሲጠቀልል፣ ከወዲያኛው ጫፍ አውሮፕላኑ እየተሳበ ይነሣል። ለተመልካች ደስ ይላል። ዊንቹ ላይ ለተቀመጠ ግን ያ ሁሉ ገመድ ወደ ፊቱ ነው የሚመጣው። ከተበጠሰ እንደ ቡሄ ጅራፍ ይመለሳል።

ዊንቹ ላይ የሚቀመጠውን ሰው የሚጋርደው የፊት መከለያ ሽቦ ዝጎ ወልቆ ነበር። ለኃላፊያችን ለአቶ ደሴ ደጋግሜ ነገርሁ። ሲሰለቸኝ የእናቴን ጀንዲ፣ የምንተኛበትን የበሬ ቆዳ፣ አምጥቼ በብረቶቹ ላይ ወጠርሁት፤ ለማያ አንዲት ቀዳዳ ተውሁ። የድሮ ሰው ጋሻ የሚሠራው ከምን ነበር?

አንድ የመስከረም ጠዋት፣ የጉና ደመና ገና ሳይገለጥ፣ እኔና የሺ ዊንቹ ሥር ቁጭ ብለን ቅቅል ድንች በጨው እንበላለን። ገመዱ ባለፈው ቀን ተቆርጦ ነበር። አቶ ደሴ የገበሬ ልጅ ናቸውና ጫፍና ጫፉን እንደ ሞፈር ምራን ቋጠሩት። ጠፍር ሲቋጠር ይጠብቃል፤ የብረት ገመድ ግን በታጠፈበት ይሞታል።

«ይሄን ቆዳ አንሺው» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «እንግዶች እየመጡ ነው፤ ቄራ አስመሰልሽው!»

«እንግዲያው አንቱ ይቀመጡበት» አልኋቸው፤ ተራው የእኔ ነበር።

ሳቁ። «ፈሪ! የሺ ትቀመጣለች።»

የሺ እናቷን የምትጦር ልጅ ነበረች፤ እምቢ የምትልበት አቅም አልነበራትም። ጀንዲውን ስፈታ ተጠጋችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ፣ እሱንስ ተይልኝ፤ ዘወር ሲሉ መልሼ እጋርድበታለሁ» አለች።

«የራስሽን አምጪ» አልኋት።

እሷም እምቢ እንድትል ፈልጌ ነበር። ሁለታችን እምቢ ብንል ማን ያስነሣላቸዋል? ጀንዲውን ጠቅልዬ በትከሻዬ ተሸከምሁና በጋፋት በኩል ወደ ቤቴ አቀናሁ። ጭቃው ጫማዬን ይዞ አላስኬደኝም፤ ሩቅ ሳልደርስ ጩኸቱን ሰማሁ።

ገመዱ ከቋጠሮው ላይ ተበጥሶ ነበር። አውሮፕላኑ በደኅና አረፈ። የሺ ቀኝ ዓይኗን አጣች።

አቶ ደሴ ደግሞ «መከለያውን ይዛ የጠፋችው እሷ ናት» ብለው በከተማው አስወሩ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ሰው አመናቸው። ጎረቤት ሰላምታ ነፈገኝ፤ ሊያገባኝ ሽማግሌ የላከውም ሰው ቃሉን አጥፎ ቀረ። የሺ ቤት ሁለት ጊዜ ሄድሁ፤ በሩ አልተከፈተልኝም። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ኖርሁ፤ ለመድሁት።

ሠልስቱ ላይ የሺም ነበረች። ከጎኗ፣ በማታይበት በኩል ተቀምጬ ነበር። ቦታውን የመረጥሁት እኔ ነኝ።

ቋጠሮውን የቋጠሩት፣ ትእዛዙንም የሰጡት አቶ ደሴ ናቸው፤ ይህን ድንኳኑ ሙሉ ቢጠይቀኝ እናገራለሁ። ጀንዲውን የጠቀለሉት ግን እሳቸው አይደሉም። ዛሬም እንደተጠቀለለ ከቤቴ በር ኋላ ቆሟል፤ ዘርግቼ ተኝቼበት አላውቅም።