ሦስት መቶ እንቁላል በቬስትሊ በረንዳ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እኔ አለባቸው ግን በእንቁላል ላይ ነው የሄድኩት። እዚህ ኖርዌይ፣ ሄልስፊር በሚባል ሰፈር አንድ ቢሮ ለዘጠኝ ዓመት ወለል ስወለውል ኖሬ፣ ማታ ማታ ተምሬ፣ የምግብ ተቆጣጣሪ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ቴርሞሜትሬ ከኪሴ አይለይም። ክርስትና ቤት ብጠራ እንኳ ወጡን ሳልለካ አልጎርስም። የሚጠራኝ ሰው እየቀነሰ መሄዱን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

የመጀመሪያ ትልቅ ጉዳዬ ኦከርን ሰፈር ሱቅ ያላቸው ጋሽ ወልደሚካኤል ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው። የተሰነጠቀ እንቁላል እየሰበሩ፣ ያለ ማቀዝቀዣ በባልዲ አጠራቅመው ለዳቦ ቤት ሲሸጡ ደረስኩባቸው። ደንቡ እንዲህ ያለውን፣ ማንም እንዳይበላው ሰማያዊ ቀለም ጨምሮ መድፋት ነው።

"ደንበኛ ቆሟል፤ እባክህ በጓሮ በር አውጥተን እንድፋው" ብለው ለመኑኝ።

"ሕግ የጓሮ በር የለውም!" አልኩ፣ ደንበኞቹ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። ይህችን ንግግሬን ስለወደድኳት ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስደግማት ከረምኩ። ጋሽ ወልደሚካኤል ግን ሰላምታዬን መመለስ ተዉ።

ዘንድሮ ፋሲካችን ከኖርዌጂያኖቹ ጋር ገጠመ። የቤተ ክርስቲያኑን ወጥ ቤት የሚመሩት ወይዘሮ እታገኘሁ የዶሮ ወጡን እንቁላል ቅዳሜ እዚያው ሊቀቅሉ አስበው ነበር። "ይህ የባለሙያ ሥራ ነው" ብዬ ነጠቅኳቸው። በጸሎተ ሐሙስ ሦስት መቶ እንቁላል ቀቅዬ ላጥኩ። ፍሪጄ አልበቃ ስላለ በአራት ባልዲ አድርጌ በረንዳ አወጣሁት። እኔ በምኖርበት በቬስትሊ ሰፈር በረንዳ ማለት ክረምቱን ሙሉ ፍሪጅ ነው።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስንሰግድ ዋልን። እኔ ግንባሬን መሬት ሳስነካ፣ ፀሐይ በመስታወት የታጠረውን በረንዳዬን ስታሞቅ ውላለች። ቤት ገብቼ ቴርሞሜትሬን ባልዲው ውስጥ ነከርኩ። ሃያ ስድስት ዲግሪ ይላል፤ ከአራት ማለፍ አልነበረበትም። አልዋሽም፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ብብቴ ውስጥ ከተትኩት። ቴርሞሜትሩ ደህና ነበር።

ጾም ስለሆነ የሚቀምስ የለም። ለኖርዌጂያኖቹ በዓል ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ደግሞስ እንዲህ ስመጻደቅ ከርሜ የእኔው ተበላሸ እንዴት እላለሁ? በርበሬው ይሸፍነዋል አልኩ። ይህን ሌላ ሰው ቢለኝ ሱቁን አሽግበት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ባልዲዎቹን ወጥ ቤት አደረስኩ። ወይዘሮ እታገኘሁ ክዳኑን እንኳ አልከፈቱም።

"አንተ ካየኸው ምን እንፈራለን?" አሉ። "ስንፈታ መጀመሪያ ለሕፃናቱ ነው የማወጣው።"

እንቁላሉ ወጡ ውስጥ የሚገባው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ጊዜ ነበረኝ። ኮሪደር ወጥቼ ደወልኩ።

"ያ?" አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል፤ በኖርዌጂያኖቹ አባባል "አቤት" ማለታቸው ነው።

"ጋሼ፣ አለባቸው ነኝ። ሦስት መቶ እንቁላል ያገኙልኛል?"

"ኮንትሮል ነው? ልትፈትሸኝ ነው?" አሉ።

"ኔይ፣ አይደለም። የእኔ ተበላሽቶ ነው።"

እንደሚስቁብኝ እርግጠኛ ነበርኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ቢሉኝም ሐቅ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግን አሥር ትሪ እንቁላል ይዘው ከች አሉ። እንቁላሉን ለሴቶቹ አስረክበው መጀመሪያ ባልዲዎቼን፣ ቀጥሎ አዳራሹን የሞላውን ሰው አዩ። አሁን ሊጮኹብኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ "ሰው ሳያይህ በጓሮ በር አውጣው" አሉኝ።

ያን ቀን ሱቃቸው ውስጥ የጮኽኩት ሁሉ አሳፈረኝ። ባልዲዎቹን ሁለት ሁለቱን አንጠልጥዬ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። በሩን ከፍተው የያዙልኝ እሳቸው ነበሩ።