ከከሚሴ ዴልሂ፣ ስለ ልጄ ጉሮሮ

ከከሚሴ የወጣነው እሑድ ጧት በሁለት ሰዓት ነው። ልጄ ሐያት ከምላሷ ሥር እብጠት ወጥቶባት እህል መዋጥ አቅቷት ነበር፤ ድምፅዋም ታፍኗል። ቀደም ብሎ ያያት የአዲስ አበባ ሐኪም፣ "እዚህ መንጋጋዋን ከፍተን ነው የምንደርስበት። ሕንድ አገር ግን በአፏ በኩል ገብቶ በሮቦት የሚያወጣ ሐኪም አለ" አለን። መንጋጋ ሲል ሕንድን መረጥኩ። ዘመድና ጎረቤት ተረባርቦ ላከን። የሰፈራችን ሼህም ዱዓ አድርገው ቁርኣን የተቀራበት ውሃ በጠርሙስ ሰጡኝ።

ጨፋን አልፈን ሰንበቴ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበርና ግመሉና ፍየሉ መንገዱን ዘጋው። አንድ ነጋዴ በመስኮት አየንና፣ "ሙሽራ ናት እንዴ እንዲህ የተሸፋፈነችው?" አለ።

"በሽተኛ ናት" አለው ሾፌሩ።

ነጋዴው ደነገጠ። "ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ! አላህ ይማርሽ እህቴ" ብሎ ግመሎቹን ጎትቶ አሳለፈን።

ከዚያ ወዲያ ለፍተሻ በቆምን ቁጥር ልቤ አብሮ ይቆም ነበር። ደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ምሳ ሲበላ እኔ ለሐያት ሻይ አቀዘቀዝኩላት። እሱንም በግድ ዋጠችው።

ዴልሂ

አየሩ እንደ ምድጃ ይጋረፋል። ሆስፒታሉ ውስጥ ዳዊት የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ያስተረጉምልን ነበር። ሐኪሙ ማሽኑን በሥዕል አሳየን፤ ቀጫጭን ክንዶች አሉት።

"ማሽኑ ቢሳሳትስ?" አልኩ።

ሐኪሙ ሳቀ። ዳዊት፣ "ብቻውን ምንም አይሠራም ይላል። እሱ ራቅ ብሎ ተቀምጦ እጁን ሲያንቀሳቅስ ነው ክንዶቹ የሚንቀሳቀሱት" አለኝ። ቀጥሎም፣ "ነገ ጧት በአፏ ምንም እንዳይገባ፣ ውሃም ቢሆን" ሲል አስጠነቀቀኝ።

የቀዶ ሕክምናው ጧት

ሊወስዷት አልጋውን ሲያዘጋጁ ከሼሁ ውሃ ግማሽ ብርጭቆ ቀዳሁና አጠጣኋት። እኛ ዘንድ የተቀራበት ውሃ መድኃኒት ነው፤ ከመጠጥ አይቆጠርም። ያለ እሱ ልሰዳት አልደፈርኩም።

በሩ ላይ ነርሷ ሐያት ምን እንደቀመሰች በዳዊት በኩል ጠየቀች። "ምንም" አልኩ። ሐያት ዐይኗን ተከለችብኝ። አልጋው መንቀሳቀስ ሲጀምር እጄ ብረቱን አልለቅ አለ።

"ዳዊት፣ አስቁማቸው! ውሃ አጠጥቻታለሁ።"

"ውሃ? አሁን?"

"ሼሁ የቀሩበት ነው እኮ!"

"እትዬ ዘሀራ፣ ሼሁ የሚጠጣበትን ሰዓት አልነገሩዎትም?" አለና ሮጠ።

የማደንዘዣው ሐኪም መጣ። ሰው ሲደነዝዝ በሆዱ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ሊገባ ይችላል ብሎ አስረዳኝ። ልጄን በገዛ እጄ! ተራዋ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ዛሬ ካልሆነ መቼ እንደሚሆን የሚነግረኝ አጥቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

"ከሰዓት በኋላ ያስገቧታል" አለኝ ዳዊት ተመልሶ። "ሐኪሙ ስለ ነገሩን አመስግናቸው ብሏል።"

"አልተቆጣም?"

"ተቆጥቷል። እሱን አላስተረጉምም።"

አሥር ሰዓት ላይ ሐኪሙ ወጥቶ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። መንጋጋዋ አልተነካም። ለቀናት በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ ነበር የምትመገበው። ቱቦው በወጣ ጧት በሻከረ ድምፅ፣ "ኡሚ፣ ራበኝ" አለችኝ። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። የእብጠቱ ምርመራም ክፉ እንዳልሆነ ተነገረን፤ አልሐምዱሊላህ።

ከሚሴ

ቤት እንደገባን ሴቶቹ ስለ ሮቦቱ ጠየቁኝ፤ ሰው ይመስላል ወይ አሉኝ። ጎረቤቴ ፋጡማ ግን ሁሉም እስኪሄዱ ቆየች። ልጇን ለእንቅርት ደሴ ልትወስዳት ነው።

"ቅጠል ቀብቻት ነበር" አለች በሹክሹክታ። "ለሐኪሙ አልናገርም፤ ይቆጣኛል።"

"ያጠጣሻትንም የቀባሻትንም ንገሪው፣ እቴ።"

"ቢቆጣኝስ?"

"ይቆጣሽ" አልኳት። "ተቆጥቶ ያድንልሻል።"