ከበሩ የሰፋው ጋን

ላሊበላ ላይ ጠጅ የሚወድ ሰው ሁሉ የእትዬ አመተ ጊዮርጊስን ቤት ያውቀዋል። ክብ ነው፤ በቀይ ድንጋይ የተሠራ፣ ባለ ፎቅ፣ ሣር ክዳን። ላይ ይተኛሉ፣ ታች ጠጅ ይሸጣሉ። ታች ያለው ትልቁ ጋን ግን ከበሩ ይሰፋል። የባላቸው የደርበው አያት መጀመሪያ ጋኑን አስቀምጠው ግድግዳውን በዙሪያው ስላቆሙ፣ ቤቱ የተሠራው ለጋኑ ነው እያሉ ጠጪዎች ይቀልዱ ነበር።

እትዬ አመተ ጊዮርጊስ በዚያ ጋን ያልጣሉትን ጠጅ ለሰው ቀድተው አያውቁም። ስኳር የገባበትማ ስሙም አይነሳባቸው። ሊቀዱ ሲሉ ጥቂት በመዳፋቸው አፍስሰው ይቀምሳሉ። ልማዱ መርዝ አለመኖሩን ለማሳየት ነው፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ፈታ አድርገው «የእጄ ነው» ይላሉ። ብርሌው የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጎረቤቶቻቸው ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ተነሡ ተብለው ቁልቁል ሲወርዱ፣ የእሳቸው ቤት በቅርስነት ተመዘገበ። እልል አሉ፤ በግ አርደው የቀረውን ሰፈር አበሉ። ምስኪን፣ ቤቱን የሚነካ የለም ሲባል እሳቸውንም የሚነካ የለም ማለት መስሏቸው ነበር።

ደርበው በሞቱ በዓመቱ የፎቁ ተሸካሚ ግንድ ተሰነጠቀ። እንደ ድሮው ሰው ጠርተው ሊያስጠግኑ ሲሉ የቅርስ ጥበቃ ሠራተኛው ምስጋኑ ከለከለ። ባለሙያ ሳያየው ምስማር እንኳ አይመታበትም፣ እስኪጠገንም ሰው አይኑርበት አለ። ዕቃው ሁሉ ወጣ። ጋኑ ብቻ ሲቀር፣ ከበሩ ጎን ሁለት ድንጋይ ነቅለው እንዲያወጡትና ድንጋዩን መልሰው እንዲያስተክሉ ምስጋኑን ለመኑት።

«እትዬ፣ የተመዘገበ ቤት ድንጋዩ አይነቀልም» አላቸው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የተናገረው።

«እኔስ ስነቀል?» አሉት።

ምስጋኑ በሩን ቆልፎ ሄደ።

ለጥቂት ወር ነው የተባለው ዓመታት ፈጀ። መሐል ላይ ጦርነቱ መጣ፤ ቱሪስቱ ጠፋ፤ ባለሙያውም ቀረ። እትዬ አመተ ጊዮርጊስ ታች ሰፈር ቆርቆሮ ቤት ተከራይተው በፕላስቲክ በርሜል ጠጅ ሞከሩ፤ ኮመጠጠባቸውና ተዉት። ሕልማቸው አንድ ነበር፤ ሳይሞቱ በዚያ በር ተመልሰው መግባት። በአንዱ ክረምት ግንዱ ወደቀና ጋኑን ለሁለት ከፈለው። ወሬውን የሰሙ ዕለት ሰው እንደሞተበት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ።

አሁን ቤቱ ተጠግኖ የጎብኚ ማሳያ ሆኗል፤ ያምራል፣ ሐሰት አይወራም። ጋኑም በሲሚንቶ ተያይዞ በቦታው ቆሟል፤ ጠጅ ግን አይዝም። ምስጋኑ መጥቶ ለምረቃው የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው እንግዳ እንዲያስተናግዱ ጠየቃቸው። ሥራው ከተወደደ በየበዓሉ ይጠራሉ አላቸው። ደስታው እንቅልፍ ነሳቸው። በምረቃው ዕለት ሲደርሱ ጠጁ ከጋሸና በጀሪካን መጥቶ ጠበቃቸው።

በመዳፋቸው አፍስሰው ቀመሱ። ስኳር ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ እንግዳ ወደ ጋኑ እያመለከተ፣ ከዚህ የተቀዳ የእጅዎ ጠጅ ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ምስጋኑ ከእንግዳው ጀርባ ቆሞ ያያቸዋል። እሳቸው በሩን አዩ፤ ተመልሰውም ጋኑን አዩ።

«የእጄ ነው» አሉና ብርሌውን ሞሉለት።