ከመጀመሪያው ብልጭታ በኋላ

እስቲ ሉዝቪን እዩልኝ፤ ክርኗን ጎኗ ላይ ለጥፋ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ በጭፈራው መሐል እንደ ምሰሶ የተተከለችውን። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሃያውን ዓመት በፊሊፒንስ፣ ሴቡ ከተማ ገበያ ዳር የፓስፖርት ፎቶ ስታነሣ፣ ሰውን ሁሉ «አትነቃነቅ!» እያለች ኖራለች። ዛሬ የዚህ ናይት ክለብ ፎቶ አንሺ ስለታመመ በእሱ ምትክ እሷ ልትሞከር ነው። ካልሆነላት ነገ ወደዚያችው ጠባብ ሱቋ ትመለሳለች።

ሥራ አስኪያጁ ጄርሶን የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ሲያይ ፊቱ ተጨማደደ። ሰዎቹ ጥርት ብለዋል፤ ከኋላቸው ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው።

«እትዬ፣ ይኼ ጭፈራ ቤት ነው ለቅሶ ቤት? ያ ሁሉ መብራት የት ገባ?»

«ቆይ አንተ፣ አትነዝንዘኝ!»

የካሜራው ዓይን ግማሽ ሰከንድ ያህል ተከፍቶ እንዲቆይ፣ ፍላሹም መጨረሻ ላይ እንዲበራ አደረገችው። ፍላሹ ግን አመል አለው፤ ብርሃን ለመለካት መጀመሪያ ትንሽ ብልጭ ይላል። ጨፋሪዎቹ ሁለት ጣት አንሥተው፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው ቆሙ። ብልጭ ሲል «አለቀ!» ብለው ተላቀቁ፤ ተሳሳቁ፣ ተገፋፉ። ዋናው ፍላሽ ቦግ ያለው ያኔ ነው።

«ወይኔ፣ አበላሸሁት!»

አየችው። ቀዩና ሰማያዊው መብራት ከኋላቸው እንደ ጥብጣብ ይፈሳል፤ ፊታቸው ጥርት ብሎ ይስቃል። ሃያ ዓመት ስትከለክል የኖረችው ይኼንን ነበር!

«ድገሙት!» ብላ ጮኸች።

የቤቱ ደንብ ሙሉ ጠርሙስ መጠጥ ያዘዘ ብቻ ፎቶ ይነሣ ይላል። ምን ዓይነት ደንብ ነው? ከምድር ቤት በረዶ ተሸክማ የምትወጣው ቤቦት ፊት የላትም? ቤቦት ባልዲዋን አቅፋ ወገቧን እያወዛወዘች ስታልፍ፣ ሉዝቪ ማንንም አላስፈቀደችም። ብልጭ፣ ቦግ!

«ይኼን ፎቶ ያጥፉት፣ እትዬ» አለ ጄርሶን። «በረዶ አይደለም የማስተዋውቀው።»

«አላጠፋም። ከፈለግህ ወደ ሱቄ መልሰኝ።»

በሉዝቪ ትከሻ ላይ ተንጠራርተው ፎቶውን ሲያዩ የነበሩት ባለ ጠርሙሶች ግን ጮኹ።

«ኧረ ቤቦት! ንግሥት መስላ የለ እንዴ! እትዬ፣ እኛንም እንደሷ!»

ጠረጴዛው ሁሉ ተነሥቶ ከበባት። ጄርሶን ጭንቅላቱን አከከ።

«እሺ፣ ነገም ይምጡ። አንቺ ቤቦት ደግሞ ንግሥናው ይበቃል፣ በረዶው እየቀለጠ ነው!»

ሉዝቪ እየሳቀች ቀጣዩን አነሣች።

እናንተም ካሜራ የያዛችሁ፣ እባካችሁ፤ በሚቀጥለው ግብዣችሁ ላይ ሳህን የሚያነሣውን ሰው ስሙን ጠይቁት፣ ፎቶ አንሡት፣ ፎቶውንም ለራሱ ስጡት።